ደረሰኙን አሳየኝ

«ባንዱ ተሸጠ» ትላለህ። ማን ገዛው? አንተ እንዳልገዛኸው እርግጠኛ ነኝ፤ አልበሙ ከጓደኛህ ስልክ ወደ ስልክህ በነፃ ተሻገረ፣ ኮንሰርቱን ደግሞ ከአጥር ውጭ ቆመህ ሰማኸው። ሻጩን ከመክሰስህ በፊት የራስህን ደረሰኝ አሳየኝ።

ክሱ የቀረበው በጃኖ ባንድ ላይ ነው። ሮክ የሚወዱ ሁለት ወጣቶች በተቀመጡበት፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃም ይሁን ጎንደር ፒያሳ፣ ይህ ክርክር ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጣል። በፈረንጆቹ 2012 የመጀመሪያው አልበማቸው «ኤርታሌ» ሲወጣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሄዋን ገብረወልድ ፊት ቆሙ፤ ከኋላቸው የኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ጮኸ፤ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት አማርኛ በሮክ ተዘፈነ። በ2018 ሁለተኛው አልበማቸው «ለራስህ ነው» ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ጎራው ሁለት ነው። አንዱ «በሰሉ» ይላል። ሌላው «ለሰለሱ፣ ለገበያ አደሩ፣ የጊታሩ ጥርስ ወለቀ» ይላል። መልሴ ለሁለተኛው ጎራ ነው። ክሱን አንድ በአንድ ጣል አድርግ፤ እኔም አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«ሲጀመርም የኛ ሙዚቃ አልነበረም።»

የኛ የትኛው ነው? ሳክስፎኑ? ትራምፔቱ? ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ይዘው አዲስ አበባ ባይገቡ፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን ባይመራቸው፣ የእሱ ዘመድ ኔርሴስ ናልባንዲያን በኋላ በቴአትር ቤት ሙዚቀኞችን ባያሠለጥን፣ ዛሬ ዓይንህን ጨፍነህ «ይሄ ነው የኛ!» እያልክ የምትሰማው የሸክላ ሙዚቃ ባልኖረ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ይዞ ከውጭ ሲመለስም «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ያለው ጥቂት አልነበረም። ዛሬ ያንኑ ቫይብራፎን ለእንግዳ የምናስደምጠው «ሀገራችን ይህን ይመስላል» እያልን ነው።

የኛ የሆነው ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ ይቆማሉ፤ አምስቱም ከጊታር ላይ ይወጣሉ፣ ከማሲንቆም ይወጣሉ። ደግሞ ሻካራ ድምፅ ከውጭ የገባ ነው ያለህ ማን ነው? የማሲንቆን ጭራ አጠገቡ ቁጭ ብለህ ሰምተህ ታውቃለህ? የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፈተግ፣ ቆዳው ሲያንቋርር፣ አዝማሪው አንገቱን ሰብሮ ሲጎትተው፣ ጉሮሮን የሚከረክር ድምፅ ነው የሚወጣው። ጎንደር አምፕሊፋየር ሳታውቅ ሻካራ ድምፅ ታውቅ ነበር። ጃኖ ያንን ሻካራነት ከመብራት ጋር አገናኘው እንጂ በሻንጣ ይዞት አልመጣም።

የክራሩ ጅማት ወደ ናይለን ሲለወጥ የት ነበርክ? ክራሩ ራሱ ሽቦ ተቀጥሎበት ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሲገባስ? ያኔ እስክስታ ላይ ነበርክ።

«እሺ፣ ሮኩንስ ተቀበልነው። ኋላ ግን ለሰለሱ።»

ሲጮኹ «ጆሯችንን አደነቆሩት» አልክ። ድምፃቸውን ሲያረግቡት «ለሰለሱ» አልክ። መካከሉ የት ላይ እንደሆነ አንድ ጊዜ ንገራቸውና እዚያ ይቁሙልህ።

ይህ ጠብ እኛ ዘንድ አልተጀመረም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን በፈረንጆቹ 1965 ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ክራር መሳዩን ጊታሩን ትቶ የኤሌክትሪኩን ሲያነሣ ጮኹበት፤ በዓመቱ ማንቸስተር አዳራሽ ውስጥ አንድ ተመልካች «ይሁዳ!» ብሎ ሰደበው። የእሱ ኃጢአት ማጠንከሩ ነበር። የሮክ ባንዱ የሜታሊካ ኃጢአት ደግሞ ማቅለሉ ሆነ። በ1988 ባወጡት አልበም አንዱ ዘፈን አሥር ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ይቀረው ነበር፤ በ1991 ጥቁር ሽፋን ባለው አልበማቸው ዘፈኑን አሳጥረው፣ ምቱን አቅንተው መጡ። የቀደሙት ወዳጆቻቸው «ከዱን» አሉ። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ልብ በል፤ ዲላን ስላጠነከረ ተሰደበ፣ ሜታሊካ ስላቀለለ ተሰደበ። እንግዲያው ወዳጅ ነኝ ባዩን ያናደደው ድምፁ አይደለም። ያናደደው ሳያስፈቅዱት መንቀሳቀሳቸው ነው። ሙዚቀኛ ደግሞ ለመንቀሳቀስ ከማንም የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም።

አሥር ዓመት ያህል አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰህ አልኖርክም፤ አንድ ዓይነት ሐሳብም አስበህ አልኖርክም። በሃያ ዓመቱ የጮኸ ሰው በሠላሳው ቀስ ብሎ መናገር ቢያምረው ጉሮሮው ተገዛ አይባልም።

«ጥበብ ከገበያ መራቅ አለበት።»

ና፣ ወለቃ እንውረድ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እዚህ ለዘመናት ቤተ እስራኤላውያን ኖረዋል፤ ወንዱ ብረት ቀጥቅጧል፣ ሴቷ ሸክላ ሠርታለች። የጎንደር ምጣድ፣ የጎንደር ድስት፣ የጎንደር እንስራና ጀበና ከዚህ እጅ ወጥቷል። ከዚያ ማረሻው ከፋብሪካ መጣ፣ እንስራው በፕላስቲክ ጀሪካን ተተካ፣ ድስቱ ብረት ሆነ። መንገደኛው ቱሪስት ደግሞ ድስት ተሸክሞ አውሮፕላን አይሳፈርም። ስለዚህ የሠሪዋ ጣት ትንንሽ ነገር መሥራት ጀመረ፤ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ፣ የይሁዳ አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰለሞንና ንግሥተ ሳባ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ወደ እስራኤል በተጓዘበት ዘመቻ ባለቤቶቹ ሄዱ። ሙያው ግን አልሄደም፤ የቀሩት ሴቶች ያዙት። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች ማሠልጠኛም እዚሁ ወለቃ ላይ ሸክላና ሽመና አስተምሯል።

አስፋልቱ ዳር አንዲት ሠሪ ተቀምጣለች። ጭቃውን በመዳፏ ጠቅልላ፣ እንደ ገመድ አርዝማ፣ በዙሪያው እያደራረበች ግድግዳ ታቆማለች፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፣ የምትዞረው እሷ ናት። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ትፈትገዋለች፤ ከዚያ በእበትና በጭራሮ ይተኮሳል። መኪናውን ያቆመ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ትንንሾቹን ምስሎች አየና አዘነ።

«እናቴ፣ ይኼን የቱሪስት ነገር ትታችሁ ለምን የጥንቱን ዕቃ አትሠሩም?»

«ልጄ፣ ትናንት የበላኸው ወጥ በምን ተሠራ?»

ሰውየው ዝም አለ። እጇን ከኋላዋ ሰድዳ አቧራ የጠጣ ትልቅ የሸክላ ድስት አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

«ይኸው የጥንቱ። ከከረመ ሰነበተ። ውሰደው።»

አልወሰደውም። ኮከቡን ገዝቶ ሄደ።

የኔ ክርክር በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። የጥንቱ ይሠራ ብሎ የሚመክረው ሰው የጥንቱን ያልገዛው ሰው ነው። ድስቷን ያስተወቻት ስግብግብነት አይደለም፤ በየቤታችን ምድጃ ላይ የተጣደው ብረት ድስት ነው። ጠንካራው ሮክ ጎንደር ላይ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ ሞልቶለት ቢሆን ኖሮ ማን ያለሰልሰው ነበር? አንተ ሳትገዛ የቀረኸውን ነገር እሱ መሥራት ስላቆመ ትከሰዋለህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

«ቢሆንም ለገንዘብ ብሎ መዝፈን ያስነውራል።»

ይህን ለአዝማሪ ሂድና ንገረው፤ ማሲንቆውን ሳያስቀምጥ ይመልስልሃል። ጎንደር ዙሪያ፣ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች፣ ልጅ ማሲንቆ የሚይዘው እንጀራ ሊበላበት ነው። አዝማሪ ለሠርግ ይጠራል፣ ለተዝካር ይጠራል፣ ጠጅ ቤት ይዞራል፤ ስንኝ ከአድማጭ ይቀበላል፣ ስምህን አንሥቶ ያወድስሃል፣ ብሩን ግንባሩ ላይ ትለጥፍለታለህ። ለዘመናት የቆየው ይህ ነው፤ አንተም «ንጹሕ ባህል» የምትለው ይህንኑ ነው። ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር ባህል ሆኖ፣ በር ላይ የተቆረጠ ትኬት ነውር የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ጠይብ» እያልን አንቋሽሸን፣ አዝማሪውን ከለማኝ ቆጥረን፣ በዕቃቸው በልተን በዘፈናቸው ጨፍረናል። የታሪክ ጸሐፊዎች ከጎንደር አብያተ መንግሥት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩ ይነግሩናል፤ ግንቡን እናደንቃለን፣ ግንበኛውን ሰድበናል። ስድቡ ሥር ሰዶ ስለነበር አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማወጅ ግድ ሆነባቸው። እና አሁን የመጣኸው አንተ ነህ፤ «ለጥበቡ ክብር ስል ነው ገንዘብ እንዳይነካ የምከለክለው» የምትለው። ባለ እጅን መሳደብና ባለ እጅን ያለ ክፍያ አሠርቶ ማሞገስ ውጤታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጋ ሠሪው ጾሙን ያድራል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉሃል ይህ ነው።

«ድሮ ባንድ ማለት ባንድ ነበር።»

ማን በተነው? ደርግ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የምሽት ቤቱ መብራት ጠፋ፤ ባንድ በምሽት የሚኖር ነገር ነው፣ ምሽት ሲወሰድበት እስትንፋሱ ተወሰደ። ያ የመንግሥት ሥራ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን የእኛ ነው። ሠርግ ስንደግስ «ስምንት ሙዚቀኛ ማን ያበላል? አንድ ኪቦርድ ያለው ልጅ ከነፍላሹ ይበቃል» አልን። ድራመሩ ቤቱ ቀረ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሌላ ሥራ ፈለገ፣ ሳክስፎኑ ተሸጠ። ሙዚቃው አንድ ሳጥን ውስጥ የገባው ሳጥኑ ስለረከሰልን ነው።

ኃይሉ መርጊያን አስታውስ። የዋሊያስ ባንድ መሪ፣ ጣቱ ኪቦርድ ላይ የሚናገር ሰው። ባንዱ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካን ከዞረ በኋላ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት በአሜሪካ እንደገና ታትሞ ወጣ፣ ዓለም ጠራው፣ በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም ይዞ ተመለሰ። «ድሮ ባንድ ነበር» ከምትሉት ሁሉ፣ ያን ሁሉ ዓመት መሪውን ሲያዞር ስንቶቻችሁ ፈለጋችሁት?

«እነዚህን ያበላሻቸው ፈረንጁ ፕሮዲውሰር ነው።»

ይኸው ቢል ላስዌል ከዚያ በፊትም ተከስሷል። የቻግኒዋ ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው በፈረንጆቹ 2001 በእሱ ፕሮዲውሰርነት በስሟ የተጠራውን «ጂጂ» አልበም ስታወጣ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስ ነበሩበት። ውጭ አገር አደነቁት፤ እዚህ ግን አከራከረ፤ «ባህሉን ፈረንጅ አደረገችው» ተባለ። ዛሬስ? ያኔ የተቆጣው ሰው ልጁ የጂጂን ድምፅ ሲያንጎራጉር ይሰማል፤ «ተይ፣ ያ የፈረንጅ ነው» አይላትም።

ፕሮዲውሰር ድምፅ ያበጃል እንጂ ጉሮሮ አይሰጥም። «በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር፣ ቅኝቱ እንብላው እንብላው» ይባላል። ጂጂ ውስጥ ያለው ጅማት የአገው ምድርና የጎጃም ነው፤ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ብታስገባው ቅኝቱን አይክድም። የጃኖ ልጆችም ያደጉት እዚሁ ነው፤ ጊታሩን ስታጠፋው የሚቀረው ዜማ የምታውቀው ዜማ ነው።

«እንግዲያው ለሙዚቀኛ ሁሉም ይፈቀድለት?»

አይፈቀድለትም! እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፤ ከአንተም ብሼ ነው የምቆጣው። ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ከደባርቅና ከአዘዞ መጥቶ፣ ሲዲ ከፍቶ አፉን የሚያንቀሳቅስ ድምፃዊ ቢያይ ተዘርፏል። ጊታሩ ሳይሰካ ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ ጊታሪስት ውሸታም ነው። ያንኑ ምት፣ ያንኑ ኪቦርድ፣ ያንኑ ስንኝ ለአሥር ዘፈን የሚያከራይ አቀናባሪ ሙያውን እያዋረደ ነው። ሕዝብን ከሕዝብ የሚያናክስ ግጥም ለብር የሚዘፍንም ይህ ብዕር አይምረውም። ለገበያ መውጣት ሌላ፣ ለገበያተኛው መዋሸት ሌላ።

መለያው ቀላል ነው፤ ወለቃ ላይ ጀበና የሚገዛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንሥተህ በጣትህ ታንኳኳዋለህ። ደህና የተተኮሰው ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል፤ ላዩ የቱንም ያህል ቢወለወል አያድነውም። ባንድንም እንዲሁ አንኳኳው። ማስዋቢያውን አስጥለው፤ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ተቀዳ ድምፅ፣ መድረክ ላይ በቀጥታ አንድ ትዝታ አጫውተው። ከጠራ፣ አልበሙ ጠንካራም ይሁን ለስላሳ፣ ባንዱ ባንድ ነው። ከታፈነ ግን የመጀመሪያው አልበሙም አያድነውም። ጃኖን በዚህ ፈትነው። አራት ድምፃውያንን ሕያው መሣሪያ ፊት አቁሞ በአማርኛ ሮክ የጀመረ ባንድ ይህን ፈተና ገና ከመነሻው የመረጠ ባንድ ነው፤ እኔ የምከራከርለትም ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ የሠሪው ላብ የሠሪው ነው ይላል። ካፌው ሙሉ ቀን ያጫውታል፣ አውቶቡሱ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ያጫውታል፣ ሱቁ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ገትሮ ያጫውታል፤ ለሠሪው ግን ሳንቲም እምብዛም አይደርሰውም። ከአልበም የማይበላ ሙዚቀኛ ከመድረክ ይበላል፤ መድረክ የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስጨፍር ዘፈን ሲሆን ነው። «ለምን ለሰለሱ?» ላልከው የቁርጡ መልስ ይህ ነው። ሻካራውን ሙዚቃ ከወደድክ የሻካራውን ሙዚቃ ዋጋ ክፈል፤ ሠሪው ለጭፈራው ብሎ የሚያለሳልስበት ምክንያት ያኔ ይቀንስለታል።

«እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ የኔ መክፈል ምን ይለውጣል?»

የኮከቡን ገበያ ያደራው አንድ፣ ሌላ አንድ፣ ሌላም አንድ ሆኖ የመጣ ገዢ ነው። የድስቱን ገበያ የዘጋውም አንድ፣ ሌላ አንድ፣ ሌላም አንድ ሆኖ የቀረ ገዢ ነው። ሮክም ከዚህ የተለየ ሒሳብ የለውም። ጎንደር ለጥምቀት የምትሰበስበውን ወጣት ቁጠርና፣ ከመካከሉ ጊታር የሚወደው ጥቂቱ እንኳ ለአንድ ምሽት ቢከፍል፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ጋራዥ ተከራይቶ የሚለማመድ የራሱ የጎንደር ሮክ ባንድ ለማቆም ይበቃል። ያ ባንድ እንደ ማሲንቆ ይከርክር፣ እንደ ነጎድጓድ ይጩህ፤ ማንም አያለሰልሰውም፣ የሚሰማው አለውና።

ስለዚህ ቅሬታህን አልነጥቅህም። ከፍሎ የሰማ ሰው ቅሬታ ለሙዚቀኛ እንደ መምህር ነው፤ ባንዱን ፊት ለፊት «ይኼኛው አልተመቸኝም፣ የፊተኛውን ጊታር መልሱልኝ» በለው። እሱም ይሰማሃል፤ የሚቀጥለው ምሽት እንጀራው አንተ እጅ ላይ ነውና መስማት ግድ ይለዋል። የጠንካራው ሮክ ዕድሜ በሻይ ቤት ክርክር አይረዝምም፤ ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ውስጥ ስንት ወንበር ተይዟል በሚለው ነው የሚወሰነው። ወንበርህን ያዝ፤ ከዚያ እንዳሻህ ጩህ።